«ስገላበጥ አደርኩ» ለሚሉ፦ እንቅልፍን ያለ ክኒን የመመለስ አሠራር

መድኃኒት ቤት ስለምሠራ ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው፦ «እህቴ፣ የምታስተኛ ክኒን የለሽም?» ፈተና የደረሰበት ተማሪ ይጠይቀኛል። ልጇን አረብ አገር ልካ ስልክ የምትጠብቅ እናት ትጠይቀኛለች። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሌሊቱ የረዘመባቸው አባት ይጠይቁኛል። ክኒኑን ያለ ሐኪም ማዘዣ አልሰጥም። ባዶ እጃቸውን መሸኘት ግን ስለሚከብደኝ፣ ወረፋ እያስቆምኩ የማስረዳውን እዚህ በተራ ጽፌዋለሁ።

አሠራሩ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የሰነበተ እንቅልፍ ማጣት ላለበት አዋቂ ከክኒን በፊት እንዲሞከር በሕክምናው የሚመከር ነው። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በ5ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው እንዳይተዉት ነው። የጻፍኩት ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ይህን ያንብቡ

መመሪያው በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ጋደም ካሉ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እምቢ ለሚላቸው፣ ወይም እኩለ ሌሊት ነቅተው ተመልሰው መተኛት ላቃታቸው ነው። ለቅሶ ወይም ፈተና ገጥሞዎት እንቅልፍ ካጡ ጥቂት ቀን ብቻ ከሆነ፣ ደረጃ 3፣ 5፣ 6 እና 7 ይበቁዎታል። ደረጃ 4ን ይዝለሉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ደረጃ 4 እንቅልፍን ለጊዜው ያሳንሳል። ስለዚህ የሚከተሉት ሰዎች ያለ ሐኪም ምክር አይሞክሩት፦ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ባይፖላር የሚባለው የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና አራስ፣ ከባድ መኪና የሚነዳ ወይም ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሠራ፣ ቀን ቀን ተቀምጦ እያወራ እንኳ እንቅልፍ የሚጥለው ሰው።

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ፦ ዲያዜፓምን የመሰለ የሚያረጋጋ ወይም የሚያስተኛ ክኒን ለሳምንታት ሲወስዱ ከቆዩ በአንድ ሌሊት አያቋርጡ። በድንገት ማቋረጥ መንቀጥቀጥ፣ አንዳንዴም ራስን ስቶ መውደቅ ያመጣል። የሚቀነሰው በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ
- የሚጮህ ሰዓት (ስልክ ከሆነ ከአልጋው ርቆ የሚቀመጥበት ቦታ)
- ከአልጋ ውጪ መቀመጫ፦ ወንበር፣ በርጩማ ወይም ምንጣፍ
- ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ሌሊት ሲነሱ የሚደርቡት
- ደብዛዛ መብራት
- እግር መታጠቢያ ሳፋ
- ለዓይን መሸፈኛ ሻሽ ወይም ነጠላ፤ ጫጫታ ካለ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ

ደረጃ 1፦ ለ7 ቀን ይመዝግቡ

ምንም ሳይቀይሩ ለአንድ ሳምንት እንደ ልማድዎ ይተኙ። በየጠዋቱ አምስት ነገር ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት ጋደም አሉ፣ በግምት ስንት ሰዓት እንቅልፍ ወሰደዎት፣ በመሀል ነቅተው ስንት ጊዜ ቆዩ፣ ስንት ሰዓት ከአልጋ ወረዱ፣ ከቀትር በኋላ ቡና፣ ሻይ፣ ጫት ወይም መጠጥ ወስደዋል ወይ።

ሌሊት ሰዓት እያዩ አይጻፉ። ጠዋት በግምት ይበቃል።

ይህ ለምን አስፈለገ? የደከመ ሰው «ዓይኔን ሳልከድን ነጋ» ይላል፤ ደብተሩ ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 ሰዓት ያህል ተኝቷል። ሰውየው እየዋሸ አይደለም። ነቅተን ያሳለፍናት ደቂቃ ትረዝማለች፣ የተኛነው አይታወሰንም። ደረጃ 4 ላይ የሚሠሩበት ቁጥርም ከዚህ ደብተር ነው የሚወጣው፤ ያለ እሱ በጭፍን ይሆናል።

ደረጃ 2፦ አልጋውን ለእንቅልፍ ብቻ ይተዉት

አልጋ ላይ መብላት፣ ማጥናት፣ ፊልም ማየት፣ ሒሳብ መሥራት፣ ስልክ ማውራት ይቁም። ለባልና ሚስት ጉዳይና ለሕመም ጊዜ ካልሆነ በቀር አልጋ ለእንቅልፍ ብቻ ነው። አንጎላችን ቦታን ከሥራ ጋር ያያይዛል። ለወራት ተኝተው ያሰቡበት፣ የተበሳጩበት አልጋ «እዚህ የሚታሰብበት ቦታ ነው» ብሎ ያስተምረዋል። ሶፋ ላይ ቴሌቪዥን እያየ የሚያንቀላፋ ሰው አልጋው ላይ ሲወጣ ብንን የሚለው ለዚህ ነው።

«ቤቴ አንድ ክፍል ናት፣ አልጋው ነው ሶፋዬ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ለእነሱ የምለው፦ ጠዋት ሲነሱ አልጋውን በአልጋ ልብስ ይሸፍኑ፣ ትራሱን አንስተው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ቀን ከተቀመጡበትም በግርጌ በኩል፣ እግር ወደ መሬት አድርገው እንጂ በራስጌ በኩል ተጋድመው አይሁን። ማታ የአልጋ ልብሱ ሲገለጥና ትራሱ ሲመለስ ያው አልጋ የመኝታ ቦታ ይሆናል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ልዩነቱ የሚፈጠረው በየቀኑ ሳይዘለል ሲደረግ ነው።

ክፍሉ ጨለማ፣ ጸጥ ያለ፣ ለብ ከማለት ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ፍራሹን አልፎ አልፎ ፀሐይ ላይ ያስጡ። ትኋን ካለ ግን ፀሐይ ብቻ አይበቃውም፤ አንሶላውንና የትራስ ልብሱን በፈላ ውሃ ማጠብ፣ የአልጋውን ስንጥቅ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለእርሻ የሚሸጥ ፀረ ተባይ ፍራሽ ላይ አይርጩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሱታል። ቤት ለማሞቅም ሆነ ቡና ለማፍላት ያቀጣጠሉትን ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው አይተኙ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የሚያፍዘው ድካም እንቅልፍ መስሎ ይገድላል። ረመጡ የጠፋ ቢመስልም ምድጃውን ውጪ ያሳድሩት።

ደረጃ 3፦ የሚነሱበትን ሰዓት ይቁረጡ

የሚተኙበትን ሰዓት ማዘዝ አይችሉም፤ የሚነሱበትን ግን ይችላሉ። ለሥራዎ ወይም ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሱብሒ የሚመችዎትን አንድ ሰዓት ይምረጡ፤ ቅዳሜም እሑድም እሱ ነው። ሌሊቱ የቱንም ያህል ቢከፋ በዚያ ሰዓት ይነሱ።

ከተነሱ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ውጪ ወጥተው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ብርሃን ያግኙ። በረንዳ ላይ ይቁሙ፣ ታክሲ እስከሚያዙበት በእግር ይሂዱ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያድርሱ። ፀሐይን ትኩር ብሎ ማየት አያስፈልግም፤ ደመናማ የክረምት ጠዋትም ቢሆን ከቤት መብራት እጅግ ይበልጣል። የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፤ ማታ እንቅልፍ የሚመጣበት ሰዓት የሚቆጠረው ከጠዋቱ ነው። እኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ስለምትወጣ ይህ ለአብዛኛው ሰው በነጻ የተሰጠ ነው። በክረምት ዘግይቶ በሚነጋበት በስዊድን ወይም በሚኒሶታ ያላችሁ፣ ሲነጋ የመጀመሪያውን እረፍት ውጪ ማሳለፍ ይኖርባችኋል።

ደረጃ 4፦ አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ያሳጥሩ

ዋናው ይህ ነው። ሰው ሁሉ የሚቃወመኝም እዚህ ላይ ነው፤ «እንቅልፍ አጣሁ ስልሽ ጭራሽ አትተኛ ትይኛለሽ?» ይሉኛል። ምክንያቱን ልንገርዎት።

ከነቃንበት ሰዓት ጀምሮ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል። ሲበዛ እንቅልፍ ይጫነናል፤ ስንተኛ ይቀንሳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ «ቀደም ብዬ ልተኛ፣ ምናልባት ይመጣልኝ» ነው። በጊዜ ሲጋደም ግን ገና በቂ አልተጠራቀመም፤ ስለዚህ ይገላበጣል። ጠዋት ለማካካስ አርፍዶ ይነሳል፤ የማታው ደግሞ የባሰ ይሆናል። እኛ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፦ አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ በእርግጥ ከሚተኙት ጊዜ ጋር እናቀራርባለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

ሀ. ከደብተሩ በቀን በአማካይ ለምን ያህል ጊዜ እንደተኙ ያስሉ። የ7ቱን ቀን ደምረው ለ7 ያካፍሉ።

ለ. በዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ይህ አልጋ ላይ እንዲቆዩ የተፈቀደልዎት ጊዜ ነው። የተኙት ምንም ያህል ቢያንስ ከ5 ሰዓት ተኩል በታች አያውርዱት።

ሐ. ከሚነሱበት ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥረው የመኝታ ሰዓትዎን ያግኙ።

በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ማታ 3 ሰዓት ጋደም ይላል፣ እንቅልፍ የሚወስደው ሌሊት 6 ሰዓት ነው፣ በመሀል ለአንድ ሰዓት ይነቃል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይነሳል። አልጋ ላይ የቆየው 9 ሰዓት ተኩል፣ የተኛው 5 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከመቶ 58 ማለት ነው። ለዚህ ሰው የተፈቀደው 6 ሰዓት ይሆናል። የሚነሳው 12 ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ ወደ አልጋ የሚወጣው ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ በፊት ቢያዛጋም፣ ዓይኑ ቢንቀዋለልም አይጋደምም።

የመጀመሪያው ሳምንት ያደክማል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሶፋው ይጠራዎታል። ቤተሰብዎ ምን እያደረጉ እንደሆነ አስቀድሞ እንዲያውቅ ያድርጉ፤ አለዚያ «ምነው አትተኛም?» እያሉ በፍቅር ያፈርሱብዎታል። ቆመው የሚሠራ ቀላል ሥራ ለዚያ ሰዓት ያቆዩ፦ ልብስ ማጠፍ፣ የነገውን ምሳ ዕቃ ማዘጋጀት፣ ጫማ መጥረግ። በእነዚህ ቀናት መኪና ከመንዳት ቢቆጠቡ፣ ግድ ከሆነም እንቅልፍ እንደመጣ ዳር ይዘው ቢያቆሙ እለምናለሁ።

ቀን ማሸለብ የለም፤ ለማታ ያጠራቀሙትን ይበትነዋልና። ለደኅንነትዎ የግድ ካስፈለገ 20 ደቂቃ፣ እሱም ከ9 ሰዓት በፊት።

ደረጃ 5፦ ቡና፣ ሻይ፣ ጫትና መጠጥ

ካፌይን አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ ድካሙ ሳይጠፋ ስሜቱ ብቻ ይሸፈናል። በአዋቂ ሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ ከጠጡት ቡና ካፌይን ወደ ግማሽ የሚጠጋው ማታ 4 ሰዓት ላይ አብሮዎት ነው። «እኔ ቡና ጠጥቼ ነው የምተኛ» የሚሉ አሉ፤ እንቅልፍ ቢወስዳቸውም እንቅልፉ ይሳሳል፣ ቶሎ ቶሎም ይነቃሉ።

የመጨረሻ ስኒዎ ከ7 ሰዓት በፊት ይሁን። ሻይ ቅጠልም የቡና ቅጠልም ካፌይን አላቸው። ጎረቤት የ10 ሰዓት ቡና ከጠራዎት መሄዱን አይተዉ፤ ጨዋታው ይጠቅማል። ከፈንዲሻው ይዝገኑ፣ የጦስኝ ወይም የዝንጅብል ፍል ውሃ ይጠይቁ። እምቢ ማለት ካልቻሉ አቦልንና ቶናን አልፈው ከበረካው ግማሽ ስኒ፤ በረካውም ካፌይን እንዳለው ግን አይርሱ።

በቀን ብዙ ስኒ የለመዱ ሰው በአንድ ጊዜ ካቆሙ በማግሥቱ ራስ ምታት ይይዝዎታል። በየ2 ወይም 3 ቀኑ አንድ ስኒ ይቀንሱ፤ ከማታው ይጀምሩ።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። ከሰዓት በኋላ እየቃሙ ይህን መመሪያ መከተል ሙላት ላይ ውሃ እንደማፍሰስ ነው። ምርቃናን ለመስበር ተብሎ የሚጠጣው ጨብሲ ደግሞ ሁለት ጉዳት ይደርባል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከደም ሲወጣ ያባንናል፣ ሽንት ያስነሳል፣ ማንኮራፋትን ያብሳል። አረቄም ጠላም ያው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አልኮልና የእንቅልፍ ክኒን በአንድ ሌሊት አይገናኙ። ሁለቱም ትንፋሽን ያዘገያሉ፤ ሲደመሩ ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ።

ስለ እራት አጭር ልበል፦ ከመኝታ 2 ወይም 3 ሰዓት በፊት ይጨርሱ። በጾም ወቅት ቀኑን ሙሉ ቆይተው ማታ ጠግበው ከበሉ በኋላ ወዲያው የሚጋደሙ ሰዎች ደረታቸውን ሲያቃጥላቸው ያድራል። እርቦዎትም አይተኙ፤ ጥቂት ቆሎ ወይም ቁራሽ ዳቦ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ከመኝታ በፊት ያለው ሰዓት

ማታ 1 ሰዓት ገደማ፣ ከመኝታ ርቀው፣ ለ15 ደቂቃ ተቀምጠው ሐሳብዎን ይጻፉ። በግራ በኩል የሚያሳስብዎትን፣ በቀኝ በኩል ነገ የሚወስዱትን አንድ እርምጃ። «የቤት ኪራይ» ከሆነ በግራ ያለው፣ በቀኝ «ነገ 4 ሰዓት ላይ አከራዩን አነጋግራለሁ» ይሁን። እርምጃ የሌለው ሐሳብም ይኖራል፤ አጠገቡ «ዛሬ ሌሊት የማደርግለት የለም» ብለው ይጻፉ። አንጎል ያልተጻፈውን እንዳይረሳው እየፈራ ሌሊት ያመላልሰዋል፤ ወረቀት ላይ ሲያየው ይለቀዋል።

ከመኝታ አንድ ሰዓት ሲቀር ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክተው ከአልጋው ያርቁ። ብርሃኑ እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን ያዘገያል፤ ከብርሃኑ የባሰው ግን ዜናው ነው። ውጪ ካለ ቤተሰብ ጋር የሚነጋገሩ ከሆነ ከባዱን ወሬ ለቀን ያቆዩት።

ከዚያ እግርዎን በሞቀ ውሃ ለ10 ደቂቃ ይታጠቡ። እናቶቻችን ከመንገድ የመጣን እንግዳ እግር ሲያጥቡት የነበረው በከንቱ አልነበረም። የሞቀ እግር የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ የሰውነት የውስጥ ሙቀት በዚያ ይወጣል፤ የውስጥ ሙቀት ሲወርድ እንቅልፍ ይቀላል። ከዚያ እግሩ እንዳይቀዘቅዝ ካልሲ ይልበሱ። የስኳር ሕመም ያለበትና እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ውሃውን በእጁ ወይም በሌላ ሰው ያስለካ፤ ሳይሰማው ይቃጠላል።

ጸሎት የሚያደርሱ ከሆነ ቦታው እዚህ ነው፤ ደብዛዛ ብርሃን፣ ዝግ ያለ ድምፅ።

ደረጃ 7፦ እንቅልፍ ካልመጣ ይነሱ

ጋደም ብለው 20 ደቂቃ ያህል እንዳለፈ ከመሰለዎት፣ ወይም መናደድ ከጀመሩ፣ ከአልጋ ይውረዱ። ሰዓት አይዩ፤ የግድግዳው ሰዓት ፊቱ ይዙር። ጋቢ ደርበው ወንበሩ ላይ ይቀመጡ፣ ደብዛዛውን መብራት ያብሩ፣ አሰልቺ ነገር ያድርጉ። ምስር መልቀም፣ ጥጥ መፍተል፣ መቁጠሪያ መቁጠር፣ የሚያውቁትን መጽሐፍ ደግሞ ማንበብ ጥሩ ነው። ስልክ፣ ሲጋራና ምግብ ግን አይሆኑም። እንቅልፍ ሲጫንዎት ብቻ ይመለሱ። አሁንም ካልመጣ እንደገና ይነሱ፤ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሦስት አራት ጊዜ መነሳት የተለመደ ነው። እኩለ ሌሊት ሲነቁም አሠራሩ ያው ነው።

ከማኅሌት ወይም ከአዛን ድምፅ የሚነቁ ሰዎች «አሁን ስንት ሰዓት ቀረኝ?» የሚለውን ስሌት አይጀምሩ። መድፈኛውን ያስተካክሉ፣ ጎን ይቀይሩ፤ ካልተመለሰ ይነሱ።

ደረጃ 8፦ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ

መመዝገቡን አያቁሙ። በሳምንቱ መጨረሻ የተኙትን ሰዓት አልጋ ላይ ለቆዩበት ያካፍሉና በ100 ያባዙ። ከ85 በላይ ከሆነ የመኝታ ሰዓቱን 15 ደቂቃ ያስቀድሙ። ከ80 በታች ከሆነ 15 ደቂቃ ያዘግዩ፤ ግን ከ5 ሰዓት ተኩል በታች አይውረድ። በመካከል ከሆነ ባለበት ይቆይ። ለምሳሌው ሰውዬ፣ ከ6ቱ ሰዓት በአማካይ 5 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከተኛ 85 ሞላ ማለት ነው፤ ካለፈው በሚቀጥለው ሳምንት ሌሊት 6 ሰዓት ከሩብ ይተኛል። ቀን ድካም ሳይሰማዎት የሚውሉበት ላይ ሲደርሱ ማስቀደሙን ያቁሙ፤ ለአብዛኛው አዋቂ ይህ 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

- እሑድን መዝለል። አንድ ቀን እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት መተኛት የሰኞን ሌሊት ያበላሻል።
- አንድ መጥፎ ሌሊትን እንደ ውድቀት መቁጠር። የሚታየው የሳምንቱ አማካይ ነው።
- እንቅልፍን በግድ ማምጣት። በተጣረ ቁጥር ይሸሻል። አልጋ ላይ እያሉ ዓይንዎን ገልጠው «ትንሽ ልንቃ» ብለው ይሞክሩ፤ ጥረቱ ሲቀር ፍርሃቱም ይቀራል።
- ጎረቤት የሰጠችውን ክኒን መዋጥ። ለእሷ የታዘዘ አሚትሪፕቲሊን የሚባል የድብርት መድኃኒት ለእርስዎ ልብ ወይም ዓይን ጉዳት ሊሆን ይችላል።

መቼ ወደ ጤና ተቋም?

ሲያንኮራፉ ትንፋሽዎ እንደሚቋረጥ አብሮዎት የሚተኛ ሰው ከነገረዎት፤ ማታ ማታ እግርዎን አላስቀምጥ የሚል ስሜት ካለ፤ ልብ የሚመታ፣ የሚያልብ፣ ክብደት የሚቀንስ ከሆነ፤ ከወለዱ ወዲህ ሕፃኑ ተኝቶም መተኛት ካልቻሉ፤ አሠራሩን 8 ሳምንት ተከትለው ካልተለወጠ። ሕይወት የሚያስጠላ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ሳምንት አይቁጠሩ፤ ዛሬውኑ ለሚቀርብዎት ሰው ይንገሩና አብረው ይሂዱ።

በፈረቃ የሚሠሩ ጥበቃዎች፣ ነርሶችና ሹፌሮች ከዚህ ውስጥ ደረጃ 2ንና 5ን ይውሰዱ፤ ክፍሉን በጥቁር መጋረጃ ያጨልሙ፣ ሲመለሱ የፀሐይ መነጽር ያድርጉ። ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራችሁ፣ አሠሪ ሌሊት እየቀሰቀሰች ለምታሠራችሁ እህቶች ግን ይህ መመሪያ አይደለም። የእናንተ ችግር የተነፈጋችሁ እረፍት እንጂ እምቢ ያለ እንቅልፍ አይደለም፤ በራሳችሁ ላይ ጥፋት አትፈልጉ።

እንቅልፉ ከተስተካከለ በኋላ ደብተሩን አይጣሉት። ለቅሶ፣ ጉዞ ወይም ሕመም ሲያፈርሰው ለሦስት ሌሊት ደረጃ 3ንና 7ን ይያዙ። በሁለት ሳምንት ካልተመለሰ አዲስ ገጽ ከፍተው ለ7 ቀን ይመዝግቡና ከደረጃ 4 ይጀምሩ።